የቆረጥኩት ገመዱን ነው

አቃቂ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.

ውድ ያደታ፣

የጊታርህን ክሮች በመቀስ ቆራርጣ ጣለቻቸው እየተባለ እንደሚወራብኝ ሰማሁ። ሐሰት ነው። ስድስቱም ክሮች በቦታቸው አሉ፤ ዛሬ ጠዋት ቆጥሬአቸዋለሁ። የቆረጥኩት የድምፅ ማጉያውን የኤሌክትሪክ ገመድ ነው፤ እሱንም ከግድግዳው ከነቀልኩ በኋላ። ሰው ሲከስ ቢያንስ በትክክል ይክሰስ። ወሬውን ያስነሳችው ጎረቤታችን አስካለች ትመስለኛለች። በቆርቆሮ አጥራችን ላይ ያለው ቀዳዳ በዚህ ክረምት ሰፍቷል፤ ቆርቆሮ ደግሞ በራሱ አይሰፋም።

አንተ አሁን ያለኸው ሳሪስ፣ የሙዚቃ ጓዶችህ አለቃ ፀሐዩ ቤት ስለሆነ ደብዳቤውን ቀድሞ የሚከፍተው እሱ ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ። ፀሐዩ፣ አንተ ከሆንክ እጠፈውና ለባለቤቱ ስጥ።

ያደታ፣ ባለቤቴ ካረፈ በኋላ የወንድሙ ልጅ ነህና እዚሁ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስትገባ እኔው ቤት ተቀመጥክ። አምና ጊታሩን ይዘህ ስትመጣ አልተቆጣሁም። እኔም በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት በእግር የሚነፋ ሃርሞኒየም ተምሬአለሁ። መምህራችን ጠረጴዛውን በበትር እየመታች፣ እስክናፍር ድረስ ቀስ ብለን እንድንጫወት ታደርገን ነበር። ሰባት ጊዜ ሳይሳሳት የጨረሰ ብቻ ትንሽ እንዲፈጥን ይፈቀድለታል። አንተ ግን በሁለተኛው ሳምንት መሮጥ ጀመርክ። አንዱ ድምፅ ሳይጠራልህ አራተኛው ላይ ትደርስ ነበር። ቀስ በል ስልህ የመለስክልኝን አልረሳሁትም።

«እትዬ፣ የእርስዎ የጸሎት ነው፤ ይሄ የዳንስ ነው።»

ሐምሌ ላይ ነገርህ ተለወጠ። ምሳ ስንበላ ግራ እጅህ ከኪስህ አይወጣም። መጀመሪያ ሲጋራ ጀምሯል አልኩ። ኮትህን አሸተትኩት፤ የማሽን ዘይት ብቻ ነው የሸተተኝ። ቀጥሎ ሳያማክረኝ ቀለበት አስሯል አልኩ፤ ፋብሪካ አብራህ የምትሸምነውን መሰለችን ከዚያ ቀን ጀምሮ በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። ከፀሐዩ ጋር ስትንሾካሾኩም እሰማ ነበር። ሆቴሉ ሙዚቀኛ ለመቅጠር ለሚያደርገው ፈተና ያን ፈጣን ዘፈን የመረጠልህ እንድትወድቅ ነው ብዬ ጠረጠርኩት። አሁንም ሙሉ በሙሉ አላመንኩትም።

የነሐሴውን እሑድ እኔም አንተም እናውቀዋለን፤ ግን እንደሆነው ልጻፈው። ፀሐዩና ሁለቱ የሙዚቃ ጓዶችህ ሳሎን ተቀምጠው ነበር። አንተ ከዘፈኑ ውስጥ ያችን ለብቻህ የምትጫወታትን፣ አሥራ ሁለት ድምፅ ያላትን ቁራጭ አንደረደርካት። ሁሉም አጨበጨቡ። እኔ ተነሥቼ ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩና «አሁን ድገመው» አልኩህ። ማጉያው ዝም ሲል ጉድህ ተሰማ። ከአሥራ ሁለቱ ሦስቱ የሉም።

«እትዬ፣ ፍጥነት እኮ እንዲህ ነው፤ ጆሮዎ ነው የዘገየው» አለ ፀሐዩ። ሳቁ።

«ጆሮዬስ ደኅና ነው» አልኩ። «አንተ ሸማኔ አይደለህም ወይ ያደታ? ፋብሪካ ውስጥ አንዲት ክር ስትበጠስ የሽመና መኪናው ይቆማል፤ ትቋጥራትና ታስነሣዋለህ። እዚህ ግን በተበጠሰ ክር እየሸመንክ ትሄዳለህ። ድምፅ እየሰረቅክ በሩጫ የምትሸፍን ሌባ ነህ።»

ጊታሩን አልጋው ላይ አስተኝተህ ወጣህ፤ በዚያው ሳሪስ ቀረህ። በመቀሱ ገመዱን የቆረጥኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ አንተ አላየህም፤ አስካለች አየች።

በሳምንቱ ጊታሩን አነሣሁት። አዝኜ እንዳይመስልህ። ማስረጃ ፈልጌ ነው። ስትመለስ ፊትህ ተቀምጬ፣ በስድሳ ሁለት ዓመቴ፣ አሥራ ሁለቱንም አሟልቼ ላሳፍርህ ነበር። ዜማውን ለአራት ወር በግድግዳ በኩል ሰምቼው በቃሌ ይዤዋለሁ። ጓሮ ያለው በርሜል ቧንቧው እንደሚያንጠባጥብ ታውቃለህ። ከሥሩ ባዶ ጣሳ ገልብጬ አስቀመጥኩና ውኃው ጠብ ባለ ቁጥር አንድ ድምፅ መታሁ። ሰባት ጊዜ ሳልስት ስጨርስ ቧንቧውን በጣም ጥቂት አላላዋለሁ፤ ጠብታው ይፈጥናል። ከሳትኩ መልሼ አጠብቀዋለሁ። ያለ ማጉያ ድምፁ የትንኝ ያህል ነው፤ ለእኔ ይበቃኛል። የጣቶቼ ጫፍ ተላጠ፣ ከዚያ ደነደነ። አስካለች በቀዳዳው በኩል «እትዬ ያለምወርቅ፣ ከውኃው ጋር ነው የሚዘፍኑት?» ብላኛለች።

ጥቅምት መጀመሪያ ላይ አንድ ነገር አስተዋልኩ። አንተ የምትዘላቸው አራተኛዋ፣ ስምንተኛዋና አሥራ አንደኛዋ ናቸው። ቀስ ብዬ ስጫወት ጣቶቼን አየሁ። ሦስቱንም የምትጫናቸው ትንሿ ጣት ናት። በሌሎቹ ጣቶች አንዴም አልሳትክም። ሰነፍ ሰው እንዲህ ለይቶ አይሰንፍም። ኪስህ ውስጥ የነበረው እጅ ግራው እንደነበር ትዝ አለኝ።

መሰለች ካንተ ቀጥሎ ባለው የሽመና መኪና ላይ ስለምትሠራ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ጠብቄ ያዝኳት።

«የያደታ ግራ እጅ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም፣ እትዬ።»

«ዓይኔን እያየሽ ንገሪኝ።»

«እንዴ! ፖሊስ ሆኑ እንዴ እትዬ?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ነጠላዋን ማስተካከል ጀመረች። «ሐምሌ ላይ ክር የሚያመላልሰው መወርወሪያ ከመኪናው ተፈናጥሮ መታው። ትንሿ ጣቱ አትታጠፍም። አለቆቹ ካወቁ ከሽመናው አንሥተው ጭነት ላይ ይመድቡታል ብሎ ደበቀ።»

«ከእኔስ ለምን ደበቀ?»

«እትዬ ካወቁ ‹ቀድሞውንስ ልብህ ሥራህ ላይ መች ነበር› ይሉኛል ብሎ ነዋ።»

እውነቱን ለመጻፍ፣ እል ነበር።

መሰለች ደግሞ ጨምራ፣ ወደ ፈተናው አልሄድም ማለትህን ነገረችኝ። «ሌባ ተብዬ አደባባይ አልወጣም» ብለሃል አሉ። ይህን ቃል ከአፌ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሳልመረምር ፈረድኩ፤ ሌላውን ሁሉ ስመረምር ኖሬ።

ያን ቀን ቤት ገብቼ ትንሿን ጣቴን በጨርቅ ከመዳፌ ጋር አሰርኳት። ከዚያ ቧንቧውን አጠበቅኩና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ስድስት ሳምንት ሊሆነው ነው። አራተኛዋና ስምንተኛዋ በቀለበት ጣት ይሆናሉ፤ ግን ጣትህን ከክሩ ሳታነሣ ማንሸራተት አለብህ፤ ካነሣሃት ትዘገያለህ። አሥራ አንደኛዋ አስቸገረችኝ። ዘጠኝ ቀን ሞከርኳት። በመጨረሻ ከበላይዋ ባለው በወፍራሙ ክር ላይ፣ እጅህን ጊታሩ ላይ ወዳለው የገመድ መሰኪያ አቅጣጫ ገፋ አድርገህ በመሐል ጣት ታገኛታለህ። ድምፁ ትንሽ ይወፍራል። ለእኔ እንዲያውም ይሻላል።

እኔ የደረስኩት አንተ ከምትሮጥበት ፍጥነት እኩሌታ ላይ ነው፤ ከዚያ በላይ ዕድሜዬ አይፈቅድም። ግን አሥራ ሁለቱም አሉ። እኔ በእኩሌታው ከደረስኩ አንተ በሙሉው ትደርሳለህ፤ ፈተናው ታኅሣሥ ማብቂያ ላይ ነው፣ ጊዜ አለህ። ከልቤ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ይህን ደብዳቤ እስከዚህ ድረስ ማንበብህን እጠራጠራለሁ፤ ካነበብክ ግን ጣትህን በመጀመሪያ ለሐኪም አሳይ። ደግሞ ለእኔ እንደዋሸኸኝ አልረሳሁም፤ እሱን ስትመጣ እንነጋገርበታለን።

ነገ ጠዋት መጀመሪያ ገመዱን ይዤ ራዲዮ ጠጋኙ ሙህዲን ዘንድ እሄዳለሁ። «ማን ቆረጠው?» ማለቱ አይቀርም። «እኔ» እላለሁ፤ ሱቁ ውስጥ ሰው ካለም ድምፄን አልቀንስም። ስመለስ አስካለችን በቀዳዳው በኩል ጠርቼ፣ ልጁ ሌባ አይደለም፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ እላታለሁ፤ አሥር ሰዓት ሳይደርስ አቃቂ በሙሉ ይሰማዋል፤ ለዚህስ ትጠቅመኛለች። ከዚያ በርሜሉን እሞላለሁ። ቧንቧውን ደግሞ ጀማሪ ወደሚነሣበት፣ ወደ መጀመሪያው ቀን ጠብታ መልሼ አጠብቀውና እንደዚያው እተወዋለሁ። የእኔ ልምምድ አብቅቷል። ጠብታው ያንተ ነው።

እትዬህ
ያለምወርቅ