ከመፈረምሽ በፊት፣ ስለዚያ ቀጭን የመዳብ መስመር

ልጄ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይግባሽ፤ ፊውዝ ማለት ሌላው እንዲተርፍ ራሱ የሚቃጠል፣ ሲቃጠልም ነቅለሽ በልኩ የምትተኪው ዕቃ ነው። የኤሌክትሪክ መስመሮች በታተሙበት ቦርድ ላይ በፊውዝ ፋንታ ሆን ተብሎ የቀጠነ የመዳብ መስመር ግን ይቃጠላል እንጂ አይተካም። ይህን ያዢልኝና ወደ ሰላምታዬ ልመለስ።

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽን ተሻለሽ? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኛ ከእናትሽ ጉልበት በቀር ደኅና ነን፤ እሱም ብርድ ሲበረታ ይብስባታል።

አለቃሽ ከኤሌክትሪክ ብርድ ልብሱ መቆጣጠሪያ ላይ ፊውዙን አውጡና መስመሩን አቅጥኑት ማለቱን፣ አንቺም በወሩ መጨረሻ ይሁን ብለሽ ልትፈርሚበት መሆኑን በደብዳቤሽ ሳነብ ደሜ ፈላ። ይባስ ብለሽ «ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርጉት፣ አባዬ» ትያለሽ። ከጎኑ ካለው ሲኮርጅ የያዝኩት ተማሪ «ሁሉም ይህንኑ ነው የጻፉት» ቢለኝ ማርክ እሰጠው ነበር?

ቢሆንም ሳልፈትን አልፈርድም። የላክሽልኝን አምስት ቦርዶች ይዤ ወደ ድሮው ትምህርት ቤቴ ሄድኩ። የላቦራቶሪው ኃላፊ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። በእያንዳንዱ ቦርድ እኩል አምስት አምፔር ኤሌክትሪክ ለቀቅን፤ እኔ ሰዓት ያዝኩ። አንደኛው በሦስት ሰከንድ ተቆረጠ፣ ሁለተኛው በዐሥራ አንድ። ሦስተኛውና አራተኛው በሁለቱ መካከል ናቸው። አምስተኛው ጭራሽ አልተቆረጠም፤ ቀላ፣ ቦርዱን አጠቆረው፣ ክፍሉን በጭስ ሞላው። ኃላፊው «ቲቸር፣ ይሄ ፊውዝ ሳይሆን ክብሪት ነው!» እያለ ማጥፊያውን ተጫነ።

በዚህም አላበቃሁም። አንደኛውን፣ በወጉ የተቆረጠውን፣ ምን እንደሚያደርገው ልይ ብዬ ሳላስረዳ ለሰፈራችን ራዲዮ ጠጋኝ ሰጠሁት፤ ቶሎቶሎ የምንለውን ታውቂዋለሽ። ገና ወንበር ስስብ የተቆረጠው ላይ ምስማር የሚያህል ሽቦ በየደበት። «ጋሼ፣ ከእንግዲህ እስከ ልጅ ልጅ አይቆረጥም!» አለኝ ኮራ ብሎ። ልቆጣው ብዬ ተውኩት። እሱ ምን ያድርግ? ፊውዝ ነው የሚል አንዳች ምልክት የለበትም። የተበጠሰ መስመር አየ፣ ቀጠለው። ብርድ ልብሱ ግን ከዚያ በኋላ ያለ ምንም ጠባቂ የሰው ገላ ላይ ነው የሚያድረው።

አለቃሽን እኔ አላስተማርኩትም፤ አንቺን ግን አስተምሬሻለሁ። ፊውዙ ከነማቀፊያው ይመለስ፣ ልኩም አጠገቡ ይጻፍ። እምቢ ካሉ አትፈርሚ። ከሥራ ያስወጡሻል ብዬ አልፈራም አልልሽም፤ እፈራለሁ። ያም ሆኖ አትፈርሚ።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ። ትልቋን የሰባትን ማባዣ ጨረስሽ ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ፤ ትንሹን ግንባሩን ሳሚልኝ። አብራችሁ ላለችው እኅቴም የዓይን ጠብታዋን እንዳታቋርጥ ንገሪልኝ።

እናትሽ «ልጄ ከምትሠራው ብርድ ልብስ አንድ ትላክልኝ ብለህ ጻፍ» ስትለኝ ሰነበተች። ጉልበቷን ስታሽ እያየሁ ቆይ እላታለሁ፤ ምክንያቱን መንገር ግን አቃተኝ። ፈርመሽ እንደሆነ፣ ወይም እንዳልፈረምሽ፣ በአንድ መስመር ቶሎ ጻፊልኝ፤ ምን እንደምላት ልወቅ።

አባትሽ
ከቤታችን፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ
ኅዳር 12 ቀን