የዳዊት ልባስ የለበሰው የፍቅር መጽሐፍ

ይድረስ ለልጄ ለፅናት፤

አዲስ አበባ ደህና ይዛሻለች? እኛ ላሊበላ እንደተውሽን አለን፤ ተመስገን። አባትሽ አልጋ ላይ ከዋለ ወዲህ ከግቢው ወጥቼ አላውቅም። ዕድሜውን ሙሉ ፊደል እንዳልቆጥር የከለከለኝ ሰው፣ አሁን በስተርጅና ተምሬ ሳነብ ሲያየኝ «ለእኔም ጸልዪልኝ» ይለኛል። የላክሽልኝን የፍቅር መጽሐፍ የዳዊቴን የጨርቅ ልባስ አልብሼ እንደማነበው አያውቅም።

ባለፈው የንስሐ አባታችን መጥተው መጽሐፉን ታቅፌ አገኙኝ።

«ልትመነኩሺ ነው እንዴ? የት ደረስሽ?» አሉኝ።

«ገና አልተጋቡም» ልላቸው ምንም አልቀረኝም። «ሃምሳኛው መዝሙር ላይ ነኝ አባ» አልኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ግን የዘንድሮ አታሚዎች ምን ነካቸው? ፊደሉን አሳንሰው ቀለሙንም ቆጥበውታል። ረፋድ ላይ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተቀምጬ አንድ ገጽ እንደገፋሁ መስመሩ ይደባለቅብኛል። መርፌዬ ላይ ክር የምታስገባልኝም ጎረቤቴ ገለቴ ሆናለች። እሷ ማንበብ ትችላለች፤ ግን ዳዊት ነው ያልኳትን መጽሐፍ እንዴት አድርጌ አንብቢልኝ እላታለሁ?

እባክሽ ልጅቱ ሐኪሙን ትታ ሹፌሩን ታገባው እንደሆነ መጨረሻውን አንብበሽ ጻፊልኝ። ስትጽፊ ፊደሉን ጎላ አድርጊው።

ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ።

እናትሽ አዛለች