የህሊና ክኒኖች በሌላ ላቦራቶሪ እንዲታዩልን

ቀን፦ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመድኃኒት ጥራት ቁጥጥር ኃላፊ
ወልድያ

ጉዳዩ፦ የሚጥል በሽታ ክኒኖች ከአቅራቢው ውጭ በሆነ ላቦራቶሪ እንዲመረመሩ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

የጎረቤቴ የወይዘሮ የሻረግ ልጅ ህሊና እስካሁን አልተሻላትም። ቦኖው ላይ ወድቃ የተፈነከተው ግንባሯ ጠግጓል፤ በሽታው ግን መጣሉን አልተወም። አባቷ አቶ ያሬድ ባጃጃቸውን አቁመው በየጠበሉ ይዘዋት ይዞራሉ።

1. እኔ መርሳ ላይ ትንሽ ሱቅ አለኝ። ዕቃ ላመጣ ወልድያ ስሄድ የሰፈሩን መልእክት ሁሉ እይዛለሁ። የህሊናን መድኃኒት ሦስት ዓመት ያመላለስኩት እኔ ነኝ፤ በሦስቱም ዓመት አንድ ቀን ጥሏት አያውቅም። ኅዳር 12 ቀን ግን መድኃኒት ቤቱ አቅራቢ ቀይሮ ቆየኝ። ስሙ ያው፣ ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ክኒን ሰጡኝ። በሁለተኛው ሳምንት ወደቀች።

2. ጥፋቴን አልደብቅም። ብልቃጡ ስልሳ ክኒን ይይዛል። አቶ አያሌው የሚባሉ ሽማግሌ ጎረቤታችንም ይህንኑ ስለሚወስዱ፣ እንደ ወትሮው ለሁለት ቆጥሬ በወረቀት ጠቀለልኩላቸው። ባዶ ዕቃ መጣል አይሆንልኝምና የብልቃጡን ጽሑፍ ልጬ፣ አጥቤ፣ ጥቁር አዝሙድ ጨመርኩበት። እሳቸውም በዚያው ሰሞን ወደቁ፤ ተናደው የተረፋቸውን ክኒን ሽንት ቤት ከተቱት። እኔ ከህሊና ድርሻ ሰባቱን ለማስረጃ ብዬ ያዝኩ።

3. ከመሥሪያ ቤትዎ ሁለት ጊዜ ቀርቤያለሁ። ባለሙያው በትሕትና አስተናግዶኛል። ላቦራቶሪ የሚቀበለው የታሸገ፣ የምርት ቁጥር ያለበት፣ ቢያንስ ሃያ ክኒን ነው አለኝ። ብልቃጡን ሳቀርብለት ከፍቶ አሸተተና «እትዬ፣ ይሄ እኮ ለወጥ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። መድኃኒት ቤቱም አቅራቢው ራሱ ያስመረመረበትን «ንጹሕ ነው» የሚል ወረቀት አሳየኝ። ክቡር ሆይ፣ እኔም ቅቤ እሸጣለሁ። የራሴን ቅቤ ቀምሼ ሸተተ ብዬ አላውቅም።

4. ስለዚህ ሰባቱ ክኒኖች ውስጣቸው መድኃኒት ይሁን ጠመኔ ሌላ ላቦራቶሪ እንዲያይልን፣ አቅራቢው ቀጥሎ የሚያመጣውም ሳይሸጥ በመሥሪያ ቤትዎ ሰው እጅ ተወስዶ እንዲመረመር እለምናለሁ። እንደማይሆን ልቤ ያውቀዋል። ግን ዝም ብል የየሻረግን ዐይን በምን ዐይኔ አያለሁ?

ይህን ጽፌ ሳልጨርስ የሻረግ ራሷ መጣች። ልጅቷ መድኃኒት ካለቀባት ዘጠኝ ቀኗ ነው። መድኃኒት ቤት ደውላ የሚመጣው ከሳምንት በኋላ፣ ያውም ከዚያው አቅራቢ ነው ብለዋታል። «ወርቄ፣ እነዚያን ሰባቱን ስጭኝ» አለችኝ። ለምርመራ የተቀመጡ ናቸው ብላት፣ «ጠመኔም ቢሆን ትዋጠው፤ ባዶ እጄን ሳያት ከምውል» አለች። አምስቱን ሰጠኋት።

ሁለቱን ጠቅልዬ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ከላይ ሰባት ያልኩትን ሁለት ብለው ያንብቡልኝ።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር
ወርቅነሽ ሞላ
ፊርማ ____________
መርሳ