ግንባርህ ላይ የጻፍኩት ሰዓት

ቡሬ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1994 ዓ.ም.

ውድ ላቀው፣

እንደምን ሰነበትክ? ሚስትህ እታለም ይህን ጽፌ እስክጨርስ ደጄ ተቀምጣ እየጠበቀችኝ ነው። በፖስታ አልልከውም። ገነነ እዚህ የጤና ኃላፊ ሆኖ ከመጣ ወዲህ የማን እጅ ለማን እንደሚሠራ አላውቅም።

ዛሬ ገበያ አግኝታኝ፣ «አንች ሸጋዬ፣ ገነነ እኮ እሑድ የልጃችን የክርስትና አባት ሊሆን ነው! ራሱ ነው የጠየቀን» ስትለኝ «ለላቀው የምትወስጅለት ደብዳቤ አለኝ» ብዬ ይዣት መጣሁ። ገነነ? ራሱ? ሰሞኑን የጦር ሜዳ ቁስለኞችን እንዴት እንደታከሙ የሚመረምሩ ሰዎች ከመከላከያ ይመጣሉ እየተባለ ነው። አበልጅ በአበልጁ ላይ እንደማይመሰክር ገነነም ጎጃሜ ነውና አሳምሮ ያውቃል።

ባድመ፣ እኔና ገነነ በሠራንበት የሕክምና ድንኳን አንድ ደንብ ነበር። የሚደማ እግር በላስቲክ ያሰረ ሰው፣ ያሰረበትን ሰዓት ቁስለኛው ግንባር ላይ በጂቪ፣ በዚያ ወይን ጠጅ ቀለም ባለው የቁስል መድኃኒት፣ ይጽፋል። ሐኪሙ ታስሮ ብዙ የቆየውን ያስቀድማል፤ ደም ሳያገኝ የቆየ እግር ይሞታልና። ገነነ ግን መርፌ ለመውጋት እንኳ የደም ሥር ፈልጎ አያገኝም ነበር። አጎቱ ኮሎኔል ስለሆነ፣ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ብለን ስህተቱን ስንሸፍንለት እንውል ነበር።

አንተ ጋ ስደርስ ራስህን ስተሃል፤ ግንባርህ ባዶ ነው። ሱሪህ ላይ ያለው ደም ደርቋል፤ የእግርህ ጣቶች እንደ ድንጋይ ቀዝቅዘዋል።

«መቼ ነው ያሰርከው?» አልኩት ገነነን።

«አሁን፣ ስምንት ሰዓት ላይ። ምነው፣ ተጠራጠርሽኝ እንዴ? ለአጎቴ ልንገርብሽ?»

ጠዋት አስሮህ እንደረሳህ ገብቶኛል። እየገባኝ፣ ፈርቼ፣ «8 ሰዓት» ብዬ በገዛ እጄ ጻፍኩልህ። ሐኪሙ አነበበና «ይኸ ገና ነው፣ ይቆይ» ብሎ ሌሎቹን አስቀደመ።

ስትነቃ እግርህ የለም። «ነፍሴን ማን አተረፋት?» ስትል ገነነ ቀድሞኝ «እኔ» አለህ፤ አንተም እጁን ሳምከው። እኔ አጠገባችሁ ፋሻዬን መጠቅለሌን ቀጠልኩ። ይኸው እውነቱን ከደበቅኩህ ሦስት ዓመት ሊሆነኝ ነው። አፍራለሁ፣ ላቀው።

ልጅህን ለዚህ ሰው አታስታቅፈው። መርማሪዎቹ ሲመጡ የእሱን ስም ንገራቸው፤ ከእሱ ስም ቀጥለህ የእኔንም ንገራቸው። ሲጠሩኝ የጻፍኩልህን ሁሉ በቃሌ እደግመዋለሁ።

እታለም አሁንም ከደጅ ሆና «አንችም እሑድ እንዳትቀሪ፣ ገነነ ባይኖር ኖሮ እኔ ባል አልነበረኝም» ትለኛለች። እሺ አልኳት። ይህን ካነበብክ በኋላ ግን የምትጠራኝም የምታስቀረኝም አንተ ነህ።

እውነቱን አዘግይታ የላከችልህ፣
ሸጋዬ