መሬቱን በአንድ ዓይን ያጠኑት የአቶ ዕዝራ ሰመረ ሕይወት

እናንተ አቶ ዕዝራን ልትሸኙ የመጣችሁ ወዳጆች፣ የሕይወት ታሪካቸውን ወረቀት ይዛችሁ የምትከታተሉም፣ ቆማችሁ የምትሰሙም፣ ጥቂት ታገሡን። ኑሯቸውን እንነግራችኋለን። ፍርሃታቸውንም አንተወውም፤ እሳቸውም አልደበቁትም።

አቶ ዕዝራ ከአባታቸው ከአቶ ሰመረ ዘርጋና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለማርያም ኬርጋ መስከረም 17 ቀን 1948 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ፣ ዶሮ ማነቂያ ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት ቄስ ዘንድ ነው። እስከ አሥረኛ ክፍል አራዳ ተምረው፣ አባታቸው ሲያርፉ ፒያሳ አንድ ፎቶ ቤት ገቡ። መጀመሪያ ፊልም ያጥቡ ነበር፣ በኋላ ካሜራ ጠጋኝ ሆኑ። ሌንሱን እፍ ብለው፣ በነጭ ሻሽ ጠርገው፣ ወደ መስኮቱ አዙረው ያዩና «በራለት» ይላሉ። እንደዚያ ካሉ ሥራው አልቋል ማለት ነው።

በ1974 ዓ.ም. ከወይዘሮ ለተክርስቶስ ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው ገነነንና ሙሉእመቤትን ወለዱ። ገነነ ነጋዴ ነው። ሙሉእመቤት አምስት ኪሎ መምህርት ሆናለች።

በ2012 ዓ.ም. ግላኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ ግራ ዓይናቸውን ወሰደው፤ ቀኙም ደከመ። በአንድ ዓይን ደግሞ ርቀት አይያዝም። ብርጭቆ ለማንሳት እንኳ በእጃቸው ይዳብሱ ነበር። ደጅ ሲወጡ ግን አይፈሩም፤ ፒያሳን በልባቸው ያውቋታል፣ ማለዳ ማለዳ ለኪዳን ጸሎት ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ይመለሳሉ።

ከዚያ በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ለልማት ፈረሰ። መኖሪያቸው ከምኒልክ አደባባይ ጀርባ ስለነበር ተረፈ፤ የሚያልፉበት መንገድ ግን ሌላ ሆነ። አንድ ቀን እንደለመዱት የጨርቅ ነጋዴውን የሱፊያንን ሱቅ ግድግዳ ይዘው ሊታጠፉ ሲሄዱ፣ ግድግዳ የለም። እሳቸው ግን በልባቸው ያለውን ግድግዳ ተከትለው ታጠፉ፣ ለቧንቧ የተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ገቡ። ያወጣቸው የተረፈ ዕቃውን ሊያነሳ የመጣው ራሱ ሱፊያን ነው።

«ጋሽ ዕዝራ፣ ምን ፍለጋ ገቡ?»

«ግድግዳችሁን።»

«ግድግዳችንማ ከእኛም ቀድሞ ሄዷል፤ አድራሻ እንኳ አልተወ።»

አብረው ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ግን ደጅ መውጣት እንቢ አሉ። ኪዳን ቀረ፣ ማኅበር ቀረ፣ ለቅሶ መድረስም ቀረ። የቤታቸው ወለል እንኳ ድንገት የሚያልቅ ይመስላቸው ጀመር። «ቤተ ክርስቲያን ሳልሳለም ልሞት ነው» ይሉ ነበር።

ሙሉእመቤት ለተማሪዎቿ የምታስተምረው ማርስ ድረስ ስለሚላኩት ሰው አልባ ተሽከርካሪዎች ነው። አንድ እሑድ አባቷን ልታጫውት ብላ ነገረቻቸው። ማሽኑ ሲወርድ ከሥሩ ያለው ካሜራ መሬቱን ያነሳል፣ ያነሳውን ከተሰጠው ካርታ ጋር ያስተያያል፣ ገደሉን ሸሽቶ ለጥ ያለ ቦታ ይመርጣል።

«ከዚህ ሆኖ የሚመራው ሰው የለም?» አሉ አቶ ዕዝራ።

«መልእክታችን እስኪደርስ ብዙ ደቂቃ ይፈጃል፣ አባዬ። ጉድጓድ አለ ብለን እስክንነግረው ገብቶበት ይጠብቀናል።»

«ብቻውን ነው በይኛ። ካርታው ያረጀ ከሆነስ?»

«ያኔማ ይሰበራል።»

«የእኔ ካርታ የፈረሰችው ፒያሳ ናት» አሉ አቶ ዕዝራ።

ሙሉእመቤት ደነገጠች። ቢሆንም ጨዋታውን አልተወችውም። ማሽኑ መሬት ከነካ በኋላ እንደ ሰው በሁለት ዓይን፣ በሁለት ካሜራ፣ ርቀት እየለካ እንደሚሄድ ነገረቻቸው። አንዱ ቢበላሽበት ትንሽ ፈቀቅ ብሎ እንደገና ያነሳል፤ ከፎቶ ፎቶ ሲታይ ቅርብ ያለው ነገር ብዙ ይንቀሳቀሳል፣ ሩቅ ያለው ጥቂት። በዚያ ቅርቡን ከሩቁ ለይቶ ያውቃል።

ካሜራ የእሳቸው ቋንቋ ነውና ይህ ገባቸው። በማግሥቱ የሙሉእመቤትን ክንድ ይዘው ወጡ። ቆም ይላሉ፣ ራሳቸውን ግራና ቀኝ ያወዛውዛሉ፣ ያያሉ፣ አንድ እርምጃ ይሄዳሉ። አንድ የታክሲ ረዳት «ፋዘር፣ ጭፈራው ለማን ነው?» ቢላቸው «ለጉድጓዱ» አሉት። አዲሱን መንገድ እንዲህ እየፈሩ አጠኑት።

ሚያዝያ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የጊዮርጊስ ዕለት፣ «ብቻዬን ነው የምሄደው» አሉ። ወይዘሮ ለተክርስቶስ «አንተ ሰው፣ ልትገድለኝ ነው?» ብለው ቢለምኗቸውም አልሰሙም። ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ሲደርሱ ከፊታቸው መንገዱን ያቋረጠ ጥቁር ነገር አዩ። ጉድጓድ መሰላቸው። ሕዝቡ ከኋላ ይገፋል፣ እሳቸውን ላብ አጠመቃቸው። ራሳቸውን አወዛወዙ፣ ፈቀቅ ብለውም አዩት። ጉድጓድ ቢሆን ወለሉ ከአፋፉ ተለይቶ ይንቀሳቀስ ነበር። ይሄኛው አልተለየም፤ ከመንገዱ ጋር አንድ ላይ ተኝቷል። የመብራት ምሰሶ ጥላ ነው። እንደዚያም ሆኖ እግራቸውን ለማንሳት «ጊዮርጊስ፣ ያዘኝ» ማለት ነበረባቸው። ረገጡት፣ መሬት ነበር።

ደጁን ስመው ሲመለሱ ወይዘሮ ለተክርስቶስ «ፍርሃቱ ለቀቀህ?» ብለው ጠየቋቸው።

«አልለቀቀኝም። አብሮኝ ሄዶ አብሮኝ ተመለሰ።»

ከዚያ በኋላ ኪዳን አላስታጎሉም። ሰኔ መጀመሪያ ላይ ግን ደም ግፊት ጥሏቸው ሐኪም ቤት ገቡ። ተኝተውም «ከሥሬ መሬት አለ?» ይሉ ነበር። ወይዘሮ ለተክርስቶስ እጃቸውን ከጀርባቸው ሥር አስገብተው «አለ፣ ይኸው» ይሏቸዋል። ሰኔ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ ሥጋ ወደሙ ተቀብለው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል።

ቸሩ አምላክ ነፍሳቸውን ብርሃን ወዳለበት፣ መሰናክል ወደሌለበት ያግባልን። ሣጥኑን የምትሸከሙ ልጆች፣ እባካችሁ እስከ መቃብሩ ቀስ ብላችሁ ሂዱልን፤ መውደቅ ይፈሩ ነበር።