ወንድሜን ከክፍሉ ያስወጡልኝ

ለተከበሩ የፊልም ድጋፍ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከክፍሉ አልወጣ ስላለ ሰው

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ የኮሚቴው አባላትም በያላችሁበት እንደምን ሰንብታችኋል እያልኩ፣ እኔ በበኩሌ ከጉልበቴና ከውሳኔያችሁ በስተቀር ምንም የሚያመኝ ነገር እንደሌለ በትሕትና አስታውቃለሁ። ምናልባት ፊቴን ያስታውሱት ይሆናል፤ ባለፈው ወር ለግምገማ በታየው ፊልም ውስጥ ዕቃ እያጠበ የሚለፈልፈው ሽማግሌ እኔ ነኝ። ፊልሙን የሠራችው የወንድሜ ልጅ ናት። ፊደል የቆጠርኩት ከሱቅ ታፔላ ላይ ስለሆነ አጻጻፌ ቢጎረብጥዎ እንዲታገሡኝ እለምናለሁ።

ኮሚቴው ለልጅቷ በላከው ደብዳቤ ሦስት ጉድለቶችን ጠቅሶ፣ እነዚህ ካልተስተካከሉ ፊልሟ ለሕዝብ እንደማይቀርብ ገልጿል። እኔም እንደ ደንቡ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ “ታሪኩ ከመጀመሪያው አይጀምርም፤ ባለሙያዋ ከስደቷ መነሻ ብትጀምር” ስላላችሁ አመሰግናለሁ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላልና ምክሩ ያረጀ ቢሆንም አልበሰበሰም። ችግሩ ይህች ልጅ መጀመሪያ የሚባል ነገር አይታ አለማደጓ ነው። ተሰደን እንደመጣን ያገኘሁት ሥራ የሲኒማ አዳራሽ ማጽዳት ነበር፤ እሷን የምተውለት ሰው ስላልነበረኝ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ይዣት እሄዳለሁ። ያለ ትኬት መግባት ክልክል ነውና ፊልሙ ሊያልቅ ሲል፣ ትኬት ቆራጩ ወንበሩን አጥፎ ሲሄድ፣ የቆሻሻ ከረጢታችንን ይዘን በጎን በር እንገባለን። የስንቱን ፊልም መጨረሻ አየች መሰልዎት። አውቶቡስ ውስጥ ደግሞ መጀመሪያውን እሷ ትነግረኛለች፦ “ጋሼ፣ ሰውየው ያለቀሰው እኮ ውሻው ስለጠፋበት ነው።” የምን ውሻ፣ የት አየሽው ስላት፣ “መጀመሪያው ላይ ነበራ” ትለኛለች፣ ያላየሁት እኔ ብቻ እንደሆንኩ ሁሉ።

፪ኛ፦ “የስደተኛ ሕይወት በበቂ ሁኔታ አይታይም፤ ድንኳን የለም፤ ገጸ ባሕርዩ ይቀልዳል” ስላላችሁም አመሰግናለሁ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ሲባል እሰማ ነበር እንጂ፣ እንባውን የሚሰፍር መሥፈሪያ ከኮሚቴው ዘንድ እንዳለ አላውቅም ነበር። ልጅቷ ይህን ፊልም ከመሥራቷ በፊት በአሮጌ ካሜራ ሠርግ ስትቀርጽ ኖራለች። አንድ ጊዜ ጭፈራውን ትታ አንድ ባዶ ወንበር አለቅጥ ቀርጻ የሙሽሪት እናት በቁጣ ቪዲዮውን አልቀበልም አሉ። ከሰነበተ በኋላ ሙሽሪት ብቻዋን መጥታ፣ “የአባዬ ወንበር ያለበትን ስጪኝ” ብላ ወሰደችው። ድንኳኑ እኮ ነበረ ክቡር ሆይ፤ የሠርግ ድንኳን ስለሆነ ነው ያልተቆጠረላት።

፫ኛ፦ ከሁሉ የበለጠ የማመሰግንዎ በዚህ ነው። “ሽማግሌው ሌላኛው ክፍል ውስጥ ካለው ወንድሙ ጋር ሲነጋገር እንሰማለን፤ ወንድሙ ግን አይታይም። ከክፍሉ ወጥቶ ቢናገር ታሪኩ ይጠነክራል” ብላችኋል።

እውነት ነው፣ በጣም ይጠነክራል። እኛም ከዚያ ክፍል እንዲወጣ ስንጠብቅ ልጅቷ አድጋ እኔ ሸብቻለሁ። ወንድሜ፣ የልጅቷ አባት ማለት ነው፣ በሽሽታችን መንገድ ላይ “ልጅቷን ይዘህ ቅደም፣ እደርስባችኋለሁ” አለኝ። አልደረሰም። በኋላ ቤት ሲሰጠን መዝገባችን ላይ ሦስት ሰው ስለነበር ባለ ሁለት መኝታ ደረሰን፤ አንዱን ክፍል ለሱ አደረግን፣ አልጋውንም አነጠፍኩለት። ከዚያ ወዲህ ዕቃ ባጠብኩ ቁጥር “አንተ ሰነፍ፣ ዛሬም ተራው የኔ ነው?” እያልኩ በበሩ በኩል እሰድበዋለሁ። ልጅቷ ይህን እየሰማች ነው ያደገችው። በፊልሙ መጨረሻ ላይ ካሜራው ከአጠገቤ ተነሥቶ በዚያ በር ይገባል፤ ያለው የተነጠፈ፣ ማንም ያልተኛበት አልጋ ነው። ፊልሙ በዚያ ያልቃል።

እናንተ ግን በሩ ከመከፈቱ በፊት ተነሥታችሁ ወደ መስተንግዶው ሄዳችሁ። ከኋላ ረድፍ ሆኜ አይቻችኋለሁ፤ አልፈርድባችሁም፣ ኬኩ ከሩቅ ይሸት ነበር። ነገሩን ሳስበው ግን ይገርመኛል፤ እሷ መጨረሻ መጨረሻውን ብቻ አይታ ያደገች፣ እናንተ መጀመሪያ መጀመሪያውን ብቻ አይታችሁ የምትፈርዱ፤ ቀደም ብላችሁ ብትተዋወቁ ኖሮ ከሁላችሁም አንድ ሙሉ ፊልም ይወጣ ነበር።

ሄደሽ ንገሪያቸው ብላት፣ “ጋሼ፣ መጨረሻውን በአፌ ካስረዳሁማ ለምን ቀረጽኩት?” አለችኝ። ከዚያ ሌላ ከተማ መጋዘን ገብታ ካርቶን ላይ አድራሻ መለጠፍ ጀመረች። ካሜራዋን አባቷ አልጋ ላይ አስቀምጣ፣ ያዝልኝ ብላኝ ሄደች። አሁን ከዚያ ክፍል የማይወጡት ሁለት ሆነዋል። ስትደውል ስለ አየሩ ትጠይቀኛለች። ከሥዕሉ እንዳልወጣ ብላ፣ የምቆምበትን ቦታ ለማመልከት ወለሉ ላይ በፕላስተር የሠራቻቸው መስቀለኛ ምልክቶች አሁንም አሉ፤ ስጠርግ እነሱን እየዞርኩ ነው። ዕቃ ሳጥብ እዚያው ምልክቱ ላይ እቆምና እቀልዳለሁ። ድሮ ከካሜራው ኋላ ድምፅ እንዳይገባባት አፏን ይዛ ስትስቅ ትከሻዋ ይነግረኝ ነበር። ወንድሜም ቢሆን እሷ ከሄደች ወዲህ መልስ መስጠት ቀንሷል።

ስለሆነም ኮሚቴው ተሰብስቦ፣ ፊልሙን ጥሎ ከተነሣበት ቦታ ጀምሮ ያለችውን ቁራጭ አይቶ መልሱን ለእኔ ሳይሆን ለእሷ እንዲጽፍላት በአክብሮት እጠይቃለሁ። አይቶም ቢሆን “ወንድምየው ይውጣ” የሚል ከሆነ፣ መጥታችሁ ጥሩልኝ። እኔ በልመናም በስድብም ሞክሬያለሁ፤ እናንተ ሥልጣን አላችሁ፤ ምናልባት ማኅተም ያለው ጥሪ ይሰማ ይሆናል።

ካቆሙት ምልክት ላይ ንቅንቅ የማይል ታዛዥዎ፣
የፊልም ሠሪዋ አጎት

ማስታወሻ፦ በዚያን ዕለት በጥድፊያ ሲነሡ ጥቁር ጃንጥላዎ ወንበርዎ ሥር ቀርቶ ነበር። ከወንበር ሥር የወደቀ ነገር ማንሣት የድሮ ሥራዬ ስለሆነ አንሥቼዋለሁ። ዝናቡም እየመጣ ስለሆነ ሳይፈልጉት አይቀሩም፤ ጉልበቴ ስለማይፈቅድልኝ ግን ላመጣልዎት አልችልም። ወንድሜ ክፍል አልጋው ላይ ከካሜራው አጠገብ አስቀምጬዋለሁ። በሩ አይቆለፍም፤ ራስዎ ገብተው ይውሰዱ።