ገዳይ የተባለው ሞተርህ

ክፍሌ ሆዴ፣

እንዴት ሰነበትክ ብዬ አልጀምርም፤ መልሱን አውቀዋለሁ። ከተለየኸኝ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። በዚህ ሁሉ ጊዜ መቃብርህ ላይ ተደፍቼ አልቅሻለሁ፣ ተዝካርህን አውጥቻለሁ፣ ጥቁሬን ለብሼ ከርሜአለሁ፤ አንዲት እውነተኛ ቃል ግን አልነገርኩህም። ዛሬ ልንገርህ። ለመስቀል አገርህ ሄጄ መመለሴ ነው። የሄድኩት ያን ዕለት ጠዋት ምን እንዳልኩህ ለእናትህ ልነግራቸው ነበር። የሄድኩትም በዚያ አንድ ቀን እንኳ ባልነዳኸው ሞተርህ ነው።

አዎ፣ እኔው ነድቼ። ታክሲ ውስጥ ሹፌሩ ሲፈጥን ጉልበትህን ቆንጥጬ የማቆስልህ እኔ። ሳቅ እንግዲህ፣ እዚያ የሚሳቅ ከሆነ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልስጥህ። የቆርቆሮና የምስማር ሱቃችን አለ፤ እኔው ይዤዋለሁ። ደንበኞችህ የመጀመሪያውን ወር በሐዘን፣ ሁለተኛውን በይሉኝታ መጡ፤ አሁን የሚመጡት እንዳንተ በወሬ ስለማላቆማቸው ነው። ወንበርህን ለዘበኛው ሰጠሁት። ጫማዎችህን የፈለጋቸው የለም፤ እግርህ ትልቅ ነበር። ጎርፍ እንዳይገባ ብለህ በገዛ እጅህ የገነባኸውን የግቢያችንን የበር ደፍ አስፈረስኩት፤ ሞተሩ በላዩ ማለፍ አልቻለም። በዚህ ክረምት ጎርፉም እግረ መንገዱን ገባ።

ያን ጠዋት ታስታውሰዋለህ? እኔ እንደሆነ ሌላ የማስታውሰው ጠዋት የለኝም። ሞተር መግዛትህን ከሰው ነበር የሰማሁት። ያውም ለሱቁ ዕቃ ማመላለሻ ቢሆን ደግ፤ ፊቱ ላይ የንፋስ መከላከያ፣ ግራና ቀኙ ላይ የብረት ሳጥን ያለው፣ አገር ለአገር የሚዞሩበት ትልቅ ሞተር። ሃምሳ ዓመት የሞላህ፣ የደም ብዛት ኪኒንህን እኔ ካላስታወስኩህ የማትውጥ ሰው። ለመስቀል በሱ አገሬ እገባለሁ አልከኝ። ቁርስህን ፊትህ አስቀመጥኩና «ሞተሩ እዚህ ግቢ ከሚገባ ሬሳህ ቢገባ ይሻለኛል» አልኩህ። ቁርሱን ሳትነካው ወጣህ። ሰዓት እንኳ ሳይሞላ አየር ጤና የታክሲ ሰልፍ ላይ እንደቆምክ ወደቅክ። ሐኪሞቹ ልብ ነው አሉ። ዕድሜ ልኩን ሞተር ሲመኝ የኖረ ሰው ታክሲ ሲጠብቅ ሞተ። ሬሳህ በዚያው ቀን ከሰዓት ገባ፤ ሞተሩ በሦስተኛው ቀን መጣ። ልክ እንዳልኩት፣ በተራ በተራው።

ሦስተኛውን ቀን አላየኸውም። ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ የእድሩን ድንኳን ይደበድባል። ሻጮቹ መሞትህን የት ይስሙ፤ በቀጠሯቸው ሞተሩን አይሱዙ ላይ ጭነው መጡና ድንኳኑ ፊት አወረዱት። ለቀስተኛው የሚያውቀው ድንገት መንገድ ላይ መሞትህን ብቻ ነው፤ ትራፊክ ፖሊስ የላከው መሰለው። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ደረታቸውን እየመቱ «ልጃችንን የበላው ይሄ ነው?» ብለው ተነሡ፤ ሴቶቹም ተከትለዋቸው ወጡ። በመንደሩ መንገድ አንድ ክንድ ያልሄደውን ሞተር በጃንጥላ ቀጠቀጡት። የግራው ስፖኪዮ ተሰነጠቀ። የተፉበትም ነበሩ።

እኔ ድንኳኑ ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም እሰማለሁ። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር፤ አልተናገርኳትም። እውነቱን ከፈለግክ፣ እፎይ አልኩ። ገዳይ ተገኘ፤ እኔም አይደለሁም። የእድሩ ሽማግሌዎች ለእናትህ መርዶ ይዘው ሲሄዱም ልጅሽን ሞተር ገደለው የሚለውን ይዘው ነው የሄዱት። በር ድረስ ሸኘኋቸው።

ሞተሩ ሸራ ለብሶ ጓሮ ቆመ። ከአርባህ በኋላ ልሸጠው ስል፣ ሞተሩን አብሮህ የመረጠው ጓደኛህ ጀማል መጣ። ሸራውን ገለጠና የኋላውን ወንበር አሳየኝ። መምጣቱ የዘገየው ለዚህ ነበር አለኝ፤ ወገቧን ያማታል፣ ስፖንጅ ይጨመርበት፣ መደገፊያም ይሠራለት ብለህ ወንበር ሰፊ ዘንድ አስቀምጠኸው ኖሯል። ባይነግረኝ ይሻል ነበር። በዚህች አንዲት ነገር እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩህም። ሚስቱ ፊት ለፊቱ ቆማ ስትረግመው፣ ወንበርሽን እያሠራሁልሽ ነው የማይል ምን ዓይነት ወንድ ነው? ዝም ብለህ ሞትክብኝ።

መሸጡን ተውኩትና አስተምረኝ አልኩት። ጀማል እሑድ እሑድ ጠዋት ዓለም ባንክ ሰፈር ወስዶኝ ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ ያለው መንገድ ላይ አስተማረኝ። ሞተርህ ትዕቢተኛ ነው። ስቀመጥበት እግሬ መሬት የሚነካው በጣቶቼ ጫፍ ነው። ሲቆም በሬ ያክላል፤ መሄድ ሲጀምር ግን ያን ሁሉ ክብደት የት እንደሚያደርገው እንጃ። ፍሪሲዮኑን ቶሎ ስለቅቅበት ይንዘፈዘፍና ቀጥ ይላል። ሦስት ጊዜ ጥሎኛል፤ አንዴም ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ተሰልፎ እያየ። የጭስ ማውጫው ማርሚታ ባቴን አቃጥሎኛል፤ የተውክልኝ ሀብት ሲቆጠር ይሄም ጠባሳ አለ። ጀማል ታጋሽ ነው። ጉድጓዱን አትዪው፣ ያየሽው ቦታ ይወስድሻል እያለ ይመክረኛል። ምን ያድርግ፣ ዕድሜ ልኳን ጉድጓድ ስታይ የኖረች ሴት ናት የገጠመችው። እንደምንም መንጃ ፈቃድ ያዝኩ።

የኮልፌ ሰፈራችን ምን እንዳለ መገመት አያቅትህም። ገዳዩን አገባች አሉኝ። እትዬ አስካለ ሳልፍ ያማትባሉ። ሱቅ በር ላይ አቁሜው ትንሽ ዘወር ካልኩ የቤንዚን ታንኩ ላይ ምራቅ ይጠብቀኛል። ጨርቅ አንሥቼ እጠርገዋለሁ። ምራቁ ለእኔ የሚገባ እንደነበር እያወቅሁ እጠርገዋለሁ፤ አንድ ቀን ግን ጨርቁ እጄ ላይ እንዳለ፣ ቢያንስ እናትህ እውነቱን ይወቁ አልኩ።

ለመስቀል ተነሣሁ። አየር ጤና ላይ የታክሲው ሰልፍ እንደዚያን ቀኑ ተጠማዞ ቆሟል፤ ዞር ብዬ አላየሁትም። ዓለም ገናን፣ ቱሉ ቦሎን አለፍኩ። ወሊሶ ስደርስ ወገቤ ተቆረጠ። ለወገቤ ያሠራኸው ለስላሳ ወንበር ከኋላዬ ባዶውን ይሄዳል፤ እኔ ድንጋይ በመሰለው ያንተ ወንበር ላይ እቀጣለሁ። ደግ አደረግክ።

ከወልቂጤ በኋላ ጭቃ ነው። በቤቶቹ መካከል በተዘረጋው ሰፊ የሣር መንገድ፣ በጀፎሩ ስገባ ለበዓል የተሰበሰበው ዘመድህ ሁሉ ቢላውን እንደያዘ ቆመ። አንተ እልል እየተባለልህ ልትገባበት ያሰብከው መንገድ ይሄ ነበር። እናትህ ከቤት ወጥተው ሞተሩን አዩት፤ እኔን አላዩም። ጓዳ ይዣቸው ገባሁና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የታክሲ ሰልፉን፣ ያልተነካውን ቁርስ፣ ያልኩህንም ቃል አንዲት ሳላስቀር።

እስኪያልቅ ሰሙኝ። ከዚያ «ይሄን ለማንም እንዳትነግሪ። ሞተር ገደለው ይበሉ። ብረት እርግማን ይችላል፤ አንቺ አትችይም» አሉኝ። ምሕረት መሰለኝና ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ አልኩ። ጉልበታቸውን ሰበሰቡ።

ሦስት ቀን ቆየሁ። ክትፎ ቀረበልኝ፣ መኝታ ተነጠፈልኝ፣ ለእንግዳ የሚደረገው ሁሉ ተደረገልኝ። እዚያ ቤት ለሃያ ሁለት ዓመት የቤት ልጅ ነበርኩ፤ እንግዳ ሆኜ ወጣሁ።

ልነሣ ስል እናትህ በትራቸውን ተደግፈው መጡ። ዘመዱ ሁሉ ሊረግሙት ነው ብሎ ጠበቀ። ሞተሩን አንድ ጊዜ ዞሩት። የተሰነጠቀውን ስፖኪዮ ዳሰሱ፣ የኋላውን ወንበር በመዳፋቸው ጫን ጫን አድርገው አዩት። ከዚያ መንገደኛ ልጅ እንደሚመረቅ ታንኩ ላይ እንትፍ፣ እንትፍ አሉና በደህና ግባ አሉት። እኔም ራሴን ዝቅ አድርጌ ተራዬን ጠበቅኩ። በትራቸውን ይዘው ገቡ።

ክፍሌ ሆዴ፣ አልረሳህም ብሎ መማል ለሁሉም ይቀላል፤ የኔ መሐላ ሌላ ነው። እናትህ በሕይወት እስካሉ በየመስቀሉ ሞተርህን ደጃቸው አደርሳለሁ፣ እሳቸው እሱን ይመርቃሉ፣ እኔ ራሴን ዝቅ አድርጌ እቆማለሁ። አንድ ዓመት ምርቃቱ ለእኔም ይደርሰኝ ይሆናል፤ ባይደርሰኝም እሄዳለሁ። ለሰፈሩ አፌን እዘጋለሁ፤ ላንተ ግን አልዘጋም። ትናንት የአገርህን ጭቃ ከጎማው፣ ከሳጥኖቹ፣ ከማርሚታው ላይ አጠብኩ። ታንኩን አላጠብኩትም። የኮልፌን ምራቅ እጠርጋለሁ፤ የእናትህን አልጠርግም።

ሚስትህ አልማዝ